የሚታዘንለት እኩይ፤ ከአያ ጅቦ እስከ ካርቱን ፊልም

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለማንም አዲስ አይደለም። ዘወትር የምንጠቅሰው ማንነቱን ደብቆ የማይገባውን ክብር የሚሻ ሰው ለመንቀፍ ነው። አነጋገሩን በተውኔት ጸሐፊ ዓይን ለተመለከተው ግን ከነቀፌታ የሰፋ ነገር አለበት። ባለታሪኩ መንገደኛ ነው። ከሚያውቁት ርቆ መጥቷል። እንደ ማንኛውም እንግዳ በክብር መቀመጥ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ እንዲነጠፍለት የሚለምነው ነገር የሚበላውም ነገር ነው። ቁርበቱ ለእንግዳው መቀመጫ፣ ለጅቡ እራት ነው። ሲነጋ ቁርበቱ እንደማይገኝ አድማጩ ያውቃል፤ ጅቡም ሳያውቅ አይቀርም። «አንጥፉልኝ» በሚልበት ቅጽበት ግን የሚዋሽ አይመስለኝም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ቁርበት ነው። በካርቱን ፊልም ውስጥ የምናየው እኩይ ገጸ ባሕርይ የሚያሳዝነን ለምንድን ነው? ክፋቱን እያየን ልባችን ስለምን ወደ እርሱ ያደላል? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የኋላ ታሪኩ ስለሚያሳዝን ነው የሚል ነው፤ በልጅነቱ ተበድሏል፣ ወላጅ አልነበረውም፣ ተንቋል፣ ስለዚህም ከፋ። ይህ መልስ ለጠበቃ ክርክር ይበጅ እንደሆነ እንጂ ለድራማ አይበቃም። ምክንያት ማቅረብና ማሳዘን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኩዩ የሚታዘንለት፣ የምንወድለት ፍላጎትና የምንፈራው ክፋት በአንድ ነገር ላይ ሲገናኙና አንዱን ከሌላው መነጠል ሲያቅተን ነው።

በቅድሚያ ከውጭው ዓለም አንድ ሥራ እንመልከት። የበዓል ልዩ ዝግጅት የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም በአገራችን ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያሻም፤ ዘፈን፣ ጭውውት፣ ቄጤማና ቡና ነው። በአሜሪካም እንዲሁ ለገና በዓል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1966 የቀረበ፣ 26 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የካርቱን ፊልም አለ። ያዘጋጀው ቸክ ጆንስ ሲሆን፣ የተመሠረተው ዶክተር ስዩስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ በ1957 ባሳተመው የሕፃናት መጽሐፍ ላይ ነው። ግሪንች የተባለው አረንጓዴ ፍጡር ከአንዲት ትንሽ ከተማ በላይ ባለ ተራራ ላይ ከውሻው ጋር ይኖራል። የከተማው ሕዝብ ገናን ሲያከብር የሚሰማው ጫጫታ ያንገሸግሸዋል። ስለዚህ በዓሉ እንዳይመጣ ለማድረግ በዋዜማው ሌሊት ስጦታውን፣ ምግቡን፣ የዛፉን ጌጥ ሳይቀር ዘርፎ ይሸሻል።

ለዚህ ሁሉ ክፋት ተራኪው የሚሰጠው ምክንያት ከቀልድ አያልፍም። ምናልባት ጫማው ጠቦት ይሆናል፤ ዋናው ነገር ግን ልቡ ከልኩ በሁለት ቁጥር ማነሱ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ወደ ታሪኩ ይሄዳል። ኋላ የመጡ አዘጋጆች ይህ አላረካቸውም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተዋንያን የተሠራው ፊልም ግሪንችን እኩዮቹ የተሳለቁበት ተማሪ አደረገው፤ የ2018ቱ ካርቱን ደግሞ ወላጅ አልባ ሕፃን አደረገው። ሁለቱም ለታሪኩ ማስረጃ ጨመሩለት፤ ኀዘን ግን አልጨመሩለትም።

የ1966ቱ ፊልም ኀዘኑን የሚያገኘው ከሌላ ስፍራ ነው። ሌባው ዛፉን ሲያወጣ አንዲት ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ልጅ ከእንቅልፏ ነቅታ ዛፋችንን ለምን ትወስዳለህ ትለዋለች። መብራቱ ስለተበላሸ ጠግኜ አመጣዋለሁ ይላታል፤ ራሷን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ውሃ አጠጥቶ ወደ መኝታዋ ይመልሳታል። ውሸቱ የሌባ ነው፤ አነጋገሩ ግን የአባት ነው። ፊልሙ ይህን ለመተርጎም አንድ ቃል አያባክንም። ሲነጋም ግሪንች ከተራራው ጫፍ ቆሞ ለቅሷቸውን ለመስማት እጁን ከጆሮው ላይ ያደርጋል፤ ወደ ጆሮው የሚደርሰው ግን ዝማሬ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገለጥልናል። 53 ዓመት ሙሉ ያን ድምፅ ሲጠላ የኖረው ሰው፣ ድምፁን ከከተማው ሕዝብ ሁሉ አብልጦ ያዳመጠ ሰው ነው። የሚዘምሩት አይሰሙትም፤ የሚሰማው እርሱ ነው። ጥላቻውና ናፍቆቱ በአንድ ጆሮ ውስጥ ነበሩ። ያ ጆሮ የግሪንች ቁርበት ነው።

በዚያው ፊልም ውስጥ ለእኛ ባዕድ ያልሆነ ሌላ ጥበብ አለ። ተራኪው ቦሪስ ካርሎፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 በ«ፍራንከንስታይን» ፊልም የጭራቁን ሚና የተጫወተው ተዋናይ ነው፤ የግሪንችንም ንግግር የሚናገረው እርሱ ራሱ ነው። እኩዩን የሚነቅፈውና እኩዩ በአንድ ሰው ጉሮሮ ይናገራሉ። ይህ በእኛ ዘንድ ስሙ ተረት መንገር ነው። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ጅቡንም፣ ጦጣዋንም፣ አንበሳውንም የሚናገርላቸው ያው የሽማግሌው ድምፅ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የአገሪቱ ሁለትና ሦስት ትውልድ ያዘነው ለዚያ ድምፅ ነው። ልጆች ጅቡን የሚፈሩት በሚወዱት ሰው አፍ ነበር። በመድረክ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ነገር ንቀን ማለፋችን ያስገርመኛል። እኩይን ለመጫወት ድምፅ መጎርነን፣ ቅንድብ መሰብሰብ፣ በትልቁ መሳቅ የሚበቃ እየመሰለን ስንት ዓመት ተጫወትን!

ተረቱ ውስጥ እንዲያው «ጅብ» ተብሎ እንደማይጠራም ልብ ይሏል። «አያ ጅቦ» ነው። አያ ታላቅ ወንድም የሚጠራበት የአክብሮት ቃል ነው። ልጁ በሌሊት የሚያስፈራውን አውሬ የሚጠራው በዘመድ ስም ነው፤ ቋንቋው ራሱ ቁርበቱን አንጥፎለታል። ደግሞም የአያ ጅቦ ኃጢአት በአብዛኛው ረሀብ ነው። ሥልጣን አይመኝም፣ ዓለምን ልግዛ አይልም። እመት ጦጣ ደጋግማ የምታታልለውም ሆዱን በምታውቀው መንገድ ነው። አድማጩ በሞኝነቱ ይስቃል፤ ረሀቡን ግን ያውቀዋል። የሐረር ሰዎች ጅብን በእጃቸው ሥጋ እያጎረሱ የኖሩት፣ በዓሹራም ገንፎ የሚያቀርቡለት፣ ጠላትም ጎረቤትም መሆኑን አንዱን ለአንዱ ሳይሠዉ ስለተቀበሉ ነው ብል የተጋነነ አይሆንም።

ይህ እንግዲህ በእኛ ሰፈር ከውጭ ከመጣ ሌላ ጅብ ጋር ተገናኝቷል። በኤድና ሞል ሲኒማ የውጭ ካርቱን እያየ ያደገ የቦሌ ልጅ፣ ከገርጂ እስከ አያት ባሉት ሰፈሮችም በቤቱ ቴሌቪዥን የተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራውን «ዘ ላየን ኪንግ» ሳያውቅ አይቀርም። በዚያ ፊልም ጅቦቹ የወንድሙን ዙፋን ለሚመኘው አንበሳ የሚያገለግሉት ዳግመኛ አትራቡም ብሎ ቃል ስለገባላቸው ነው። በመጨረሻ ሕጋዊው ወራሽ ይነግሣል፣ ዝናብ ይዘንባል፣ ሣሩ ይለመልማል። የጅቦቹን ረሀብ ምን እንደበላው ግን የሚጠይቅ የለም። ፊልሙ በሥዕልና በሙዚቃ ታላቅ ሥራ ነው፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን የጎንደርና የመንዝ ተራኪ ይበልጠዋል።

የእንስሳ ጭምብል በእኛ ጽሑፍም ታሪክ ያለው ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የጻፉት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» በአውሬ ተመስሎ የጊዜውን ሹማምንት የተቸ ነበር፤ ተከለከለም። ሹማምንቱ ያዩት አውሬ ቢሆን ኖሮ በከለከሉት ነበርን? ያዩት መልካቸውን ነው። እኩይ በደንብ የተሳለ መሆኑ የሚታወቀው ተመልካቹ «ይህስ እገሌ ነው» ብሎ ሲጠቁም ብቻ ሳይሆን ለአፍታ ዝም ሲል ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ አስፋልት እንመለስ። ውሻ፣ አህያና ፍየል ታክሲ ተሳፈሩ የሚለውን የከተማ ተረት የማያውቅ የለም። አህያ ሂሳቧን አስተካክላ ከፈለች። ፍየል ሳትከፍል ወርዳ ሮጠች። ውሻ ድፍን ብር ሰጥቶ መልሱን ሳይቀበል ታክሲው ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አህያ መንገድ መሐል ያለ ስጋት ትቆማለች፣ ፍየል መኪና ስታይ ትፈረጥጣለች፣ ውሻ መልሱን ለማግኘት መኪናውን ያሯሩጣል። ከቦሌ መገናኛ፣ ከመገናኛ ኮተቤ ሚኒባስ የተሳፈረ ሁሉ በዚህ ተረት ውስጥ የራሱን ወንበር ያውቀዋል።

አዲስ አበባ ተወልዶ በኒውዮርክ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ተረት «ሂሳብ» በሚል ርእስ አኒሜሽን አድርጎታል። አሠራሩ ከአርእስተ ነገራችን ጋር በጥብቅ የተያያዘ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ዕዝራ በአንድ ሸራ ላይ በቀለም ይስላል፤ ፎቶ ያነሣዋል፤ ያንኑ ሥዕል በሌላ ቀለም ሸፍኖ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ይስላል፤ ደግሞ ፎቶ ያነሣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሥዕል ከቀደመው ሥዕል በላይ ተኝቷል። የቀድሞው አይታይም፤ ግን አልጠፋም፤ ከሥሩ አለ። በሌላ የካርቱን አሠራር ደጉ ፍየል በአንድ ወረቀት፣ ሌባዋ ፍየል በሌላ ወረቀት ልትሣል ትችላለች። በዚህ አሠራር ግን የምትሮጠዋ ፍየል የተሣለችው ተሳፋሪዋ በነበረችበት ሸራ ላይ ነው።

በተረቱ ውስጥ እኩዩ ማን ነው ቢባል ሕግ የሚያውቅ ሰው ሳያመነታ ፍየሏን ይጠቁማል፤ አልከፈለችም። ዳሩ ግን የፍየሏ ሩጫ ዘላለማዊ ነው። ማንም ሳይከሳት በየመንገዱ ትሸሻለች። ውሻውም በሌላ በኩል የተበደለ ሆኖ ሳለ የማይመለከተውን መኪና ሁሉ ያሳድዳል፤ ተበዳይነቱ አስፈሪ አድርጎታል። መልሱን ይዞ የሄደው ረዳት ወይም ሾፌር ከታሪኩ ወጥቷል፤ ፊቱን አናየውም፤ ስለዚህም አናዝንለትም። ይህ ለጸሐፊ ትልቅ ትምህርት ነው። ተረቱ ሦስት ዐረፍተ ነገር ሳይሞላ የበደለውን እንድናዝንለት፣ የተበደለውን እንድንፈራው ያደርጋል። ለማንኛቸውም የልጅነት ታሪክ አልጻፈላቸውም። የሰጣቸው ሩጫ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ተረትና ስለ ቀልድ ስንናገር ቆየን። ጉዳዩ የሚከብደው ካርቱን በአገራችን ከተሰጠው ተግባር ጋር ስናያይዘው ነው። በእኛ አገር የሕፃናት ፊልም የሚሠራው በአብዛኛው ለማስተማር ነው፤ የሚያዙትም ትምህርትን፣ ጤናን፣ የሴቶችን መብት የሚመለከቱ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ናቸው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ዎርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅቱ ቀጭኔዋን ፀሐይን በየቤቱ አስገብቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2008ም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። የፀሐይ ዓለም የጥያቄና የጉጉት ዓለም ስለሆነ ለታናናሾቹ እኩይ አያስፈልገውም። በኋላ የመጣው «ጥበብ ገርልስ» ግን ልዩ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች፣ ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን የመሰለውን ጎጂ ልማድ ሲታገሉ የሚያሳይ ነው። የአገር ልብስ ለብሰው የሚበሩ ኢትዮጵያውያት ልጆችን በካርቱን ማየት በራሱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክብሩ ለሠሪዎቹ ይገባል።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚህ ዓይነት ድርሰት ሁሉ የሚገጥመው ፈተና ነው። ልዩ ኃይል ከውጭ የመጣን ጠላት ይጥላል። ልጅቱን ያለ ዕድሜዋ የሚድራት ግን ከውጭ አልመጣም፤ አባቷ ነው። አባትየውን ጭራቅ አድርገን ብንስለው ልጅቱ አታውቀውም፤ የእርሷ አባት ጭራቅ አይደለምና። በተቃራኒው ድህነቱን ብቻ አሳይተን ብንምረው በደሉን አቀለልነው። ሕጉ ግልጽ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል። ድርሰት ሕጉን እንዲደግመው አይጠበቅበትም። ድርሰት ማሳየት ያለበት ሕጉ የማይደርስበትን ቁርበት ነው።

ያም ቁርበት ስም አለው፤ «ወግ ማዕረግ» ይባላል። ሽማግሌ ሲመርቅ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ ይላል። ይህን ምርቃት ዕድሜውን ሙሉ «አሜን» ሲል የኖረ አባት ልጁን በ12 ዓመቷ ሲድር ምርቃቱ የደረሰለት ይመስለዋል። ፍቅሩም በደሉም በአንድ ቃል ውስጥ ናቸው። ይህን የምታሳይ አንዲት ትዕይንት ብቻ ልጠቁም። አባት ገበያ ወርዶ ለሙሽራዋ ጫማ ይገዛል። ተጨንቆ ነው የሚመርጠው፤ ገንዘቡንም ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚከፍለው። ጫማው ለእግሯ ይሰፋታል። ነጋዴው ቢነግረው «ግድ የለም፤ ታድግበታለች» ይላል። ሠዓሊው ከዚህ በላይ ቃል አይጨምር።

የመድረክና የፊልም ታሪካችን በዚህ በኩል ሁለት ጫፎች አሉት። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋን ነገር ኮሜዲ አደረገው፤ ጠላፊው ሳቃችንን አተረፈ፤ ዘመኑም ቀልዱም ያን ፈቀዱለት። እ.ኤ.አ. በ2014 የቀረበው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ ያንኑ ድርጊት በሙሉ ክብደቱ አሳየ፤ ልጅቱ ጠላፊዋን ትገድለዋለች፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የፍርድ ቤትና የሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። በመጀመሪያው የበደሉ ዋጋ አይታይም። በሁለተኛው ዋጋው ይታያል፤ ጠላፊው ግን ሰው ሆኖ ሳናውቀው ይሞታል። ፊልሙ ያነሣው ጉዳይ ሌላ ስለነበር ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ዋጋውንም ሰውየውንም አንድ ላይ የያዘ ሥራ ግን ገና ይቀረናል። ይህም ለካርቱን የተመቸ ይመስለኛል። በካርቱን ውስጥ ተዋናይ ለመወደድ ሲል አያለዝበውም፤ እጅ፣ ጆሮ፣ ጫማ ለብቻው ተነጥሎ ሊናገር ይችላል።

ስለ ሩቅ ገጠር ብቻ የምንናገር እንዳይመስለን ወደ ሰፈራችን መለስ ማለት ያስፈልጋል። ከአማራ ክልል ገጠር ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሸሽተው አዲስ አበባ የሚመጡ ልጃገረዶች ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት እንደሚገቡ ጥናቶች ያረጋገጡት ነው። በቦሌ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት ቤቶች ውስጥ አሉ። የሚያሠሯቸው እመቤቶች ክፉዎች አይደሉም። አብዛኞቹ «እንደ ልጄ ነው የማያት» ይላሉ፤ ሲሉም ከልባቸው ነው። ልብስ ይገዙላታል፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ይወስዷታል። የማታ ትምህርት ቤት ግን ዘንድሮ አልተመቸም፤ ለከርሞ ይታያል። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «እንደ» የምትለዋ ቃል ምን ያህል እንደምትሸከም የሚያሳይ ድርሰት፣ ካርቱንም ቢሆን ተውኔት፣ እስካሁን አላየሁም። ከጫማው አባት ይልቅ ይህች እመቤት ለመጻፍ ትከብዳለች፤ የምንጽፈውም የምናነበውም ሰዎች ቤቷን እናውቀዋለንና።

ቢጻፍ እንዲህ ሊጀምር ይችላል። የበዓል ምሽት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ለልጆች የተዘጋጀ ልዩ ካርቱን ያሳያል። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። ልጅቱ እጇ እንደራሰ ከኩሽናው በር ተደግፋ ታያለች። እመቤቲቱ ዞር ብላ ታያትና «ምን ያቆምሻል? ነይ ቁጭ ብለሽ እይ እንጂ» ትላታለች፤ በርጩማውን በእጇ ታስጠጋላታለች። ልጅቱ ትቀመጣለች። ጥቂት ቆይቶ፣ እኩዩ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ያው ድምፅ በዚያው ለዛ «እስኪ እግረ መንገድሽን ውሃ አምጪልኝ» ይላል።